ያላነበብኩት የበቀል መጨረሻ

ሊይዙኝ የመጡት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔን ከመያዛቸው በፊት መጽሐፉን ያዙት። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የጨለመ አሮጌ ቤት ተሥሏል። ፖሊሱ አገላበጠውና ብብቱ ሥር ወሸቀው። ልጨርሰው ጥቂት ገጽ ቀርቶኝ ነበር።

የሐረር እስር ቤት ክፍሌ ጠባብ ነበረች። ግድግዳዋን የሰው ጀርባ አወዝቶታል፤ የኔም ጀርባ ቦታውን አገኘ። ጎኔ የነበሩት ከጀጎል የመጡ መጽሐፍ ጠራዥ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። መርማሪው አብሮኝ ለሚያስተምር ጓደኛዬ ብቻ የነገርኩትን ቃል በቃል ደገመልኝ። ማን እንደሸጠኝ ያኔ ገባኝ። መጽሐፉንም ያዋሰኝ እሱው ነበር።

ቀኑ አልገፋ ሲል ሐጂ፣ "እስቲ ያን መጽሐፍ አጫውተን" አሉኝ።

አጫወትኳቸው። ከቤቱ እንደ ውሻ የተባረረ ሰው ሀብታም ሆኖ ይመለሳል። ቤቱን ይገዛና ያባረረውን ሰው እዚያው ምድር ቤት ያኖረዋል፤ ፍርፋሪ እየጣለለት።

"እዚያ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?"

"መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ሐጂ።"

"መጨረሻውስ?"

"ሳላነበው ያዙኝ።"

"ወላሂ፣ ግፍ ማለት ይኸ ነው!"

ከዚያ ወዲያ ከራሴ እየጨመርኩ ቀጠልኩ። ምድር ቤት ያለውን ሰው በየቀኑ አስርበው ነበር። መልኩ የጓደኛዬ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ረፋድ በሩ ተከፈተና ራሱን ጓደኛዬን ወደ ውስጥ ወረወሩት። ያቀበላቸው ወሬ አላጠገባቸው ኖሯል። ከንፈሩ አብጧል። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናደዳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አልመጣም። እንደ ደነዘዘ እግር ልቤ የራሴ አልመስል አለኝ። ለሐጂ ግን ማን እንደሆነ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

እዚያ ስንቅ ከቤት ካልመጣልህ ጦም ማደር ነው። ለሱ የመጣለት የለም። በማግስቱም አልመጣለትም። ሐጂ ሳህናቸውን ገለጡ፣ ወደሱ ገፋ አደረጉት፣ መልሰው ሳቡት። ሥጋ ነበረበት። በኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሐጂም የተራበ ሰው ሃይማኖቱን እንዲያፈርስ አልፈለጉም።

"የኔ ለሱ አይሆንም፣ ልጄ" አሉኝ። "የሚሆነው ያንተ ነው።"

እናቴ የላከችው ሽሮ ገና አልቀዘቀዘም። ክዳኑን እንደያዝኩ ቆየሁ። ምድር ቤት ያለው ሰው እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ሳህኑን መሀላችን አስቀመጥኩት።

እጁን አልዘረጋም።

"መጽሐፉን ጨረስከው?" አለኝ።

"አልጨረስኩትም።"

"መጨረሻውን ልንገርህ? ሰውየው..."

"ብላ" አልኩት።

በላ። የመጨረሻዋን ጉርሻ እሱ ለኔ ተዋት፣ እኔ ለሱ። ሐጂ ሳቁብን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም።

አሁን መጽሐፉ በየመደብሩ ይሸጣል። ልጄ ገዝታልኝ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። የቀረኝ ጥቂት ገጽ ነው። አልከፈትኩትም። የኔ የምድር ቤት ሰው በልቷል።