ለእናቴ ያወጣሁት ዘፈን

ይህ የምጽፈው ታሪክ በ2007 ዓ.ም. በጥር፣ ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ በሚከመርበት ሰሞን የሆነ ነው። ትናንት በጎረቤታችን ሠርግ ላይ ያንን የድሮ ዘፈኔን ከፈቱትና ልጄ ከድንኳኑ ሮጣ መጣች። «እማዬ፣ ያንቺ ድምፅ ነው። ለምን አትጨፍሪም?» አለችኝ። ድስት እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለእሷም ጭምር ነው።

የተወለድኩት ከጊንጪ ወጣ ብሎ፣ በጭልሞ ደን ሥር ነው። እናትና አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አባቴ ችግኝ ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። እኔም ከትንሽነቴ ጀምሮ ከመዘምራን ጋር ቆሜያለሁ። ይሁንና መዝሙር ያልሆኑ ዜማዎችም ይመጡልኝ ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ራሴ። እነዚያን ከእናቴ ጋር ጭራሮ ስንለቅም ለእሷ ብቻ እዘፍናቸው ነበር። እናቴ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትልም። «ድገሚው» ትለኛለች፣ በቃ።

በኋላ አምቦ ገብቼ ሠርግ ላይ መዝፈን ጀመርኩ። ከመዘምራን ወጣሁ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ግን በቤቱ ዘፈን አይሰማም ነበርና የእኔንም አልሰማም። ልጠይቃቸው መጥቼ ስመለስ እናቴ እስከ አስፋልቱ ትሸኘኛለች። የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ እጄ ላይ ሙቀቱ ይሰማኛል። አውቶብሱ ሲነሳ ዞር ብዬ በመስኮት አያታለሁ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ ናት።

በ2006 ክረምት ሞተች። ከቀብሯ በኋላ አምቦ በተከራየኋት ክፍል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ዘፈን አወጣሁላት። መነሻው ይህ ነበር፦

ዞር ብዬ ሳይ ቆመሽ ነበር፣
ዛሬስ ማን ቆመ በዚያ ዳር?

ዘፈኑን ሠርግ ላይ ኪቦርድ ለሚጫወትልኝ ለቶሎሳ ወሰድኩለት። ቶሎሳ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን የሠርግ ኪቦርድ አሠራር እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ የረገዳ ጭፈራውን ምት ይከፍታል፣ ከዚያ «በይ ግቢ» ይላል። ምቱ ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያለ ነው፤ የሚስተካከለው ዘፈኑ ነው። ይህቺስ ዝግ ትበል ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

«ሰው ሠርግ የሚመጣው ሊያለቅስ ነው እንዴ? እንዲያ ከሆነ ለቅሶ ቤት ይዘሻት ሂጂ።»

በረገዳው ምት ተቀዳ። በዚያ ጥር ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚከፈተው እሱ ሆነ። ከጊንጪ እስከ ባኮ እሱን ዝፈኚልን እያሉ ጠሩኝ።

ባኮ ላይ የዘፈንኩበት ቀን አይረሳኝም። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እግሩን ሲመታ አቧራው እስከ ድንኳኑ ጣሪያ ይነሳል። ስሟን አልጠራሁም እንጂ እናቴ በዘፈኑ ቃል ውስጥ ነበረች። ቃሉን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ያህል ሰው ከቦኝ ያን ያህል ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን የሚያውቅ ሰው ዘፈኑን እንዳወጣሁት አድርጎ እንዲሰማልኝ። የቀረኝ ደግሞ አባቴ ነው። እሱ ዘፈን አይሰማም።

ሆኖም ወደ እሱ ሄድኩ። አውቶብሱ ውስጥ ረዳቱ ያንኑ ዘፈን በፍላሽ ከፍቶ ድምፁን ጨመረው። እኔ መሆኔን አላወቀም። ሻሼን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ጭድ የጫኑ አህዮችን እያየሁ ጊንጪ ደረስኩ።

አባቴ ድንች ቀቅሎ ጠበቀኝ። ውሃው አልቆበት ሥሩ አርሯል። ቆመን ጸለየ፣ በላን። ሳህኑን ስሰበስብ፣ «አውቶብስ ውስጥ ሰማሁት» አለ።

ሳህኑን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ስለ እናትሽ ነው?»

«አዎ፣ አቦ» አልኩት፤ አባቴን አቦ ነው የምለው።

ያለ ኪቦርዱ ጩኸት መዝፈን እችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጓሮ ወጥተን ግንዱ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይዋ ወደ ደኑ ዘንበል ብላለች፤ የጽድ ሽታ ይመጣል። ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈንኩ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለጸሎት ብቻ ነበር።

ስጨርስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ያየሻት ቆማ ነው። አውቶብሱ ከታጠፈ በኋላ ግን አስፋልቱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከአምቦ የሚመጣ መኪና እስኪቆም ትጠብቃለች። መንገድ ላይ ከአውቶብሱ ጋር ተገናኝታችኋል ወይ ብላ ረዳቱን ትጠይቀዋለች። ደህና አልፏል ሲላት ነው ቤቷ የምትገባው።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም» አልኩት።

«እኔንም እንዳትነግራት ብላኝ ነበር።»

መዝሙር ይሁን ዘፈን አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን መልሶ አላደረገም። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

ዛሬ የምዘፍነው የራሴን ብቻ ነው፣ በክራር። የሠርግ ጥሪው ቀረ። ሰሚዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ተቀምጠው ይሰሙኛል። አንዳንዴ ጭር ሲል ይከብደኛል። ቢሆንም አላማርርም። አባቴ ከማረፉ በፊት ሰምቶልኛል፤ ለዚያ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ለልጄ እንደ መጀመሪያው አድርጌ እዘፍንላታለሁ።

ጓሮ የዘፈንኩለት ቀን አባቴ ዘንድ አደርኩ። አምቦ ላይ ቶሎሳ ለሠርግ ልምምድ ይጠብቀኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። የአምቦው አውቶብስ ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ይዞ ጠራኝ። አልገባሁም። አውቶብሱ ከታጠፈ በኋላ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቅዞ ነበር። ዘፈኑን ለራሴ በቀስታ እያልኩ ጠበቅሁ። ከአምቦ የሚመጣ ሚኒባስ ሲቆም ተነስቼ ስለ አውቶብሱ ረዳቱን ጠየቅሁት።

«ተገናኝተናል፤ ደህና አልፏል» አለኝ። «ምነው፣ ሰው ነበረሽ?»

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ።