ስድስት ቤት፣ ስድስት አድራሻ

ናይሮቢ በገባሁ በዓመቱ ስድስተኛው ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። «ቤቴ» ማለት ልማድ ሆኖብኝ እንጂ አንዱም የኔ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለችው የላከችኝ ቤተ ክርስቲያን ኪራይ የመክፈል አቅም ስላልነበራት፣ እዚህ ያሉት ሐበሾች አማኞች በተራ ሊያሳድሩኝ ተስማምተው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ልጆችን ማስተማር፣ የታመመ መጠየቅና እሁድ እሁድ ጸሎት መምራት ነው። በወረቀት ላይ ሚሲዮናዊ ነኝ፤ በተግባር ግን አንድ ጎማው የወለቀ ሻንጣ ይዤ ከሰው ሳሎን ወደ ሰው ሳሎን የምዞር እንግዳ ነበርኩ።

ቤት በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የምነግረው ለአባቴ ነበር። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ነው። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ብቻውን አሳደገን። ጡረታ ከወጣም በኋላ የሰው አድራሻ ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም። እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውልና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «አሁን የት ነሽ? መንገዱን ንገሪኝ፣ ሕንፃውን ንገሪኝ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ይለኛል።

«አባዬ፣ ደብዳቤ ልትልክልኝ ነው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

«ባልልክስ? አድራሻሽን ካላወቅሁ የትኛው በር ላይ ቆሜ ነው ስላንቺ የምጸልየው?»

መስመር ባለው ደብተር ላይ የመጀመሪያውን ሰፈሬን ኪሊማኒ ብሎ ጻፈ። በአራተኛው ወር ኪሊማኒን በማስመሪያ ሰርዞ ሁርሊንግሃም ብሎ ጻፈ። ማስመሪያው ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት በስልኩ ይሰማኝ ነበር፣ ወይም የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ሁርሊንግሃም ያረፍኩት ምግብ ቤት ያላት ሴት ዘንድ ነው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ካለው መኖሪያዋ አንድ ክፍል ለቀቀችልኝ። እዚያ ሳለሁ ወንድሜ ደውሎ አባዬን ስትሮክ እንደመታው ነገረኝ። ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበቱም ተይዟል። ልሄድ ተነሳሁ፤ ፓስፖርቴ ግን ለመኖሪያ ፈቃድ ገብቶ እጄ ላይ አልነበረም። እዚህ ያሉትን አማኞች ነገር ሁሉ የሚይዙት አረጋዊው ሽማግሌያችን፣ «ልጄ፣ ወረቀቱ እስኪወጣ በጸሎት ያዢው» አሉኝ። እኔም ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ የምደውለው እኔ ሆንኩ። ወንድሜ፣ የአባዬ ፊት ስለተጣመመ፣ በቪዲዮ እንዳላየው ለመነኝ። «እሺ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግለት» እለዋለሁ። «አድርጌለታለሁ፤ አውሪ» ይለኛል። አወራለሁ። የሳምንቱን ወሬ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ቦታ አጥታ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ እስከ መሃል ከተማ ስለሄደችው ወፍራም ሴትዮ እነግረዋለሁ። ከዚያ እንዲነሳ እጸልይለታለሁ።

ሳምንታት እንዳለፉ ሰው ድንገት ይወደኝ ጀመር። የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ እስከዚያ ድረስ እርጥብ ፎጣ ጣልሽ እያለች የምትነጫነጭብኝ ሴት፣ ሥጋውን እየመረጠች ከፊቴ ታኖር ጀመር። ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። ስትስመኝ አንገቴ ሥር ትቆያለች። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፣ ልጆቹ ካስቸገሩኝ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል። እኔ ሞኟ አገልግሎቴ ፍሬ አፈራ አልኩ። «የሰው ልብ እየተከፈተ ነው» ብዬ ለላከችኝ ቤተ ክርስቲያን ሪፖርት ጻፍኩ።

ያልገባኝ መዛወሩ ነው። እስከዚያ አንድ ቤት ሦስት አራት ወር እቆይ ነበር፤ አሁን ግን እየተወደድኩ እሸኛለሁ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ዘንድ እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለና ኢስሊ ሰፈር፣ ጨርቅ የሚነግዱ ባልና ሚስት ጋ ሄድኩ። እዚያም በአምስተኛው ሳምንት ክፍሉ ቀለም ሊቀባ ነው ተባለ። ዕቃዬን ስከት እዚያው ናይሮቢ የተወለደችው ትንሿ ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቲ፣ ማሚ እኮ ስላንቺ አለቀሰች። ባት ሲክሬት ነው» አለችኝ። ስብከቴ ነክቷት ነው አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ቤት ገባሁ። ስንቅ ይቋጥሩልኛል፣ እስከ በር ይሸኙኛል፤ በሩን ሲዘጉ ግን እፎይ ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ጎማው የወለቀውን ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ እየጎተትኩ ምን አጥፍቼ ነው እላለሁ።

አዲሱን አድራሻ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ለአባዬ እነግረዋለሁ፤ መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ። «አንተ ተኛ፤ ወንድሜ ይጽፍልሃል» እለዋለሁ።

ተስፋዬ እያለቀ ነበር። ያን ያህል ለምኜ እግዚአብሔር ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰውን «እመኑ» እያልኩ አስተምርና፣ ከትምህርቱ ስመለስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። የሰው ቤት ነውና ውሃውንም እንደ ልብ ማፍሰስ አይቻልም፤ ቶሎ እዘጋና ፊቴን ጠርጌ እወጣለሁ።

አንድ እሁድ ወንድሜን አፋጠጥኩት። «ይህን ሁሉ ወር ምንም ለውጥ የለም? አንድ ነገር ንገረኝ። አንድ ብቻ!»

«ዛሬ ግራ እጁን አነሳ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ አፌን ሞልቼ መሰከርኩ። «አባቴን ጌታ እያስነሳው ነው! አልታዘዝ ያለው እጁ ተነሳ!» አልኩ። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ ሆና እልልታ ጀመረች፤ መሃል ላይ ቆረጠችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ ወጣች። ሽማግሌያችን ጫማቸውን ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ደስታ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌያችን፣ የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ከዚያ ወዲህ ያሳደሩኝ ሁሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሐበሻ ማለዳ ላይ እንዲህ ተሰብስቦ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ያልገባኝ መቼ እንደሆነ ብቻ ነበር።

«ትናንት ነው? እጁን ካነሳ በኋላ ነው?» አልኳቸው።

ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ አባትሽ ካረፉ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው» አሉኝ።

ሁርሊንግሃም ሳለሁ ነው የሞተው፤ ስትሮክ በመታው በሦስተኛው ሳምንት። መርዶ በስልክ አይነገርምና ወንድሜ አደራውን ለሽማግሌው ሰጠ። «ፓስፖርቷ እጇ ላይ የለም፤ ብትሰማም ደርሳ አትቀብር፤ ወረቀቱ ይውጣላት» ተባለ። ወረቀቱ ሲዘገይ፣ «እንግዲያው ተረጋግታ በተቀመጠችበት ቤት ይነገራት» ተባለ። የሚነገረኝ ግን እኛ ቤት ይሁን የሚል አልተገኘም። እያንዳንዱ ቤት ከሻንጣዬ ጋር መርዶዬን ለሚቀጥለው አስረከበ። ሁሉም እያወቁ እሁድ እሁድ ጸሎቴን «አሜን» ይሉልኝ ነበር። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ፣ አለቀሱልኝ። በአራተኛው ቀን ለወንድሜ ደወልኩ። ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበረኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ያን ሁሉ እሁድ ስልኩን የት ነበር የምታደርገው?»

«አልጋው ላይ» አለኝ። «ትራሱ ላይ አስቀምጬው ወደ በረንዳ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ቆሜ ሰማሁሽ፤ ከዚያ ወዲያ መስማት አቃተኝ።»

«ደብተሩስ?»

«ሁርሊንግሃም ላይ ቆሟል።»

ወንድሜ እንኳ ሰምቶኝ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ሃያ እሁድ ያህል ለተነጠፈ ባዶ አልጋ ጸልያለሁ፣ መንገዱንና ፎቁን ነግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ሌላ የሚሰማኝ ነበር ብሎ ማመን ሥራዬ ነው፤ የተላክሁትም ይህንኑ ለሰው ልነግር ነው። አልቻልኩም። ሞክሬ አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት እሁድ ሽማግሌያችን ሊያበረታቱኝ ብለው የመዝጊያውን ጸሎት ሰጡኝ። ተነሳሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «አባት ሆይ» አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልመጣልኝም። የታየኝ የተነጠፈው አልጋና ትራሱ ላይ የተቀመጠው ስልክ ነው። ሰው ጠበቀኝ። ልጆች ወንበር ማንኳኳት ጀመሩ። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰው «አሜን» አለ፤ ሌላውም ተከተለው። እኔ ምንም አልጸለይኩም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሰባተኛው ቤት ተዛወርኩ። ሻንጣውን እስከ ሦስተኛ ፎቅ ጎትቼ አወጣሁት። እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አድራሻውን ለማንም አልነገርኩም።