እንጦጦ የሚታይበት ቤት

ሀብተወልድ፣ አዲስ አበባ ወሰን በሚባለው ሰፈር ለሚገነባ አንድ የሪል እስቴት ድርጅት ቤት ይሸጣል። ሕንፃው ገና ከመሬት ሳይነሳ ደንበኛውን ባዶ ቦታ ላይ ያቆምና እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ፣ «በረንዳዎ ላይ ቁጭ ብለው እንጦጦን ያያሉ፤ ከፊትዎ ማንም አይገነባም» ይላል። ከመደጋገሙ የተነሳ ራሱም አመነውና እዚያው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ገዛ። «ከሸጥኩላቸው ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ በቀላሉ የተሸወደ የለም» ይላል ሲያወራው።

የገቡ ሰሞን ከሚስቱ ከጸጋ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጉሙ ከተራራው ሲወርድ ያዩ ነበር። ክረምቱ እንዳለፈ ከፊታቸው ያለው ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ኤክስካቫተር ገባ፣ ብረት ቆመ፣ ኮንክሪቱም ፎቅ በፎቅ እየወጣ ተራራውን ከግርጌው ጀምሮ ዋጠው። የሚያሠራው የሀብተወልድ የራሱ ድርጅት ነው፤ ሻጩም እሱ።

አንድ ቅዳሜ አያንቱ የምትባል መምህርት ቤት ልታይ መጣች። የካ አባዶ ተከራይታ፣ የታክሲ ሰልፍ ያማረራት ሴት ናት። ሀብተወልድ አዲሱ ሕንፃ ላይ፣ በር እንኳ ያልተገጠመለት ፎቅ አውጥቷት የለመደውን ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ ከኋላ መስኮት በኩል ድምፅ መጣ።

«ሀብቴ! ስትመጣ ሽንኩርት እንዳትረሳ!»

ጸጋ ናት፤ በረንዳቸው ላይ ልብስ እያሰጣች።

«ማናቸው?» አለች አያንቱ።

«ባለቤቴ ናት።»

አያንቱ የጸጋን በረንዳ አየች፤ ዞር ብላ ደግሞ ተራራውን አየች። «ታዲያ ይሄ ሕንፃ የጋረደው የእርስዎን ቤት ነዋ?»

ሀብተወልድ ሊዋሽ ቢያስብም ሚስቱ የልብስ መቆንጠጫ በአፏ ይዛ ፊት ለፊት ቆማለች። «አዎ። ለራሴም ‹ማንም አይገነባም› ብዬ ነው የሸጥኩት።»

አያንቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ከዚህኛው ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታስ?»

«እሱማ… ለዛሬ ባዶ ነው።»

ጥቂት አሰበችና ተራራ የሚያሳየውን ትታ የኋለኛውን፣ የእነ ሀብተወልድን ሳሎን የሚያየውን ቤት ያዘች። «በእኔና በእናንተ መሃል ጋሪ እንኳ አያልፍም፤ ማን ይገነባበታል?»

ሕንፃው አልቆ አያንቱ ከገባች ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ከበረንዳ በረንዳ እየተጠራሩ አብረው ሾላ ገበያ ይወርዳሉ። ሀብተወልድ ግን በገዛ ሳሎኑ በውስጥ ሱሪ መንጎራደድ ቀረበት። ጸጋ፣ «በሥራህ ለዚህ ቤት ያመጣኸው ደህና ነገር እሷ ብቻ ናት» ትለዋለች። እሱም ቀበቶውን ያጠብቃል።