አንድ ቁልፍ የበዛበት ሥዕል

በድስት ክዳን ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ጆሮ» ነበር የሚሏት። ያ ሁሉ ማሽን እየጮኸ እንኳ፣ የትኛው የአየር ቱቦ እንደሚተነፍስ በሩ ላይ ቆማ ታውቃለች። በታመቀ አየር የሚሠሩትን ማሽኖች ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠግን ኖራ፣ አንድ ቀን «በኮምፒውተር ተፈትኖ ያላለፈ ሠራተኛ ማሽን አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል!

ደግነቱ እልኸኛ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠች የማሽን አሠራር በኮምፒውተር መሣል ተማረች። ማውሱ መጀመሪያ እንደ እርጥብ ሳሙና አዳለጣት። በኋላ ግን አየር የሚገፋውን ሲሊንደር ስክሪኑ ላይ ጎትታ አስቀመጠች፣ አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ ከቱቦው አገናኘች፤ አየር ያለፈበት መስመር ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ሲሊንደሩ ኮሽ ሳይል ሲወጣና ሲገባ ጊዜ ጆሮዋን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ማዘር፣ እሱ አያወራም» አላት አሠልጣኙ፤ ልጇ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ታዲያ ሲታመም በምን ላውቅለት ነው?»

«እዚህ ውስጥ አይታመምም።»

«ታድሎ!» ብላ እሷም ሳቀች።

ለፈተና የተሰጣት ቆርቆሮውን ተጭኖ ክዳን የሚያወጣው ፕሬስ ነበር፤ ጥያቄው አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ሲሊንደሩ ይውረድ ነው የሚለው። እሷ ሁለት ቁልፍ አደረገች፣ አራርቃ፤ ሁለቱ አብረው ካልተጫኑ አየር አያልፍም። ታናሽ እህቷ ሁለት ጣቷን ያጣችው በዚያው ፕሬስ ነው፤ በአንድ እጇ ቁልፉን ተጭና በሌላው ክዳኑን ስታስተካክል። ደሙን ያጠበችው ራሷ ጆሮ ናት።

«ጥያቄው አንድ ነው የሚለው» አለ አሠልጣኙ። «አንዱን ያጥፉት፣ ያልፋሉ።»

«ሌላው እጅስ የት ይሂድ?»

«ማዘር፣ ስክሪን ላይ እጅ የለም እኮ!»

«ማሽኑ ላይ አለ! አላጠፋም።»

ዜሮ ሰጣት። ያችን የመሰለች ባለሙያ ካርቶን ማሸጊያ ክፍል ወረወሯት።

በሁለተኛው ወር ፕሬሱ ታደሰ ተባለ። ሄዳ ብታይ ሁለት ቁልፍ፣ ተራርቀው! የአሠራሩ ሥዕል አጠገቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አንዱን ቱቦ ያጣመመችበት ቦታ ሳይቀር የእሷ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን የአሠልጣኙ። ደሟ ፈላ። ገንጥላ ወሰደችና የፋብሪካው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«ስህተት ከሆነ ለምን ሠራችሁት? ልክ ከሆነ ለምን ጣላችሁኝ?»

ኃላፊው ቀና እንኳ ሳይል «ለሚቀጥለው ዙር ይመዝገቡ» አላት።

«አልመዘገብም! የተፈተንኩበት ማሽን እዚያ ቆሞ እየሠራ ነው» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኃላፊው ስልክ አወራ፣ ሻይ ጠጣ፣ ወጥቶ ተመለሰ፤ ንቅንቅ አላለችም። ምሳ ሰዓት ላይ ዜሮውን ሰርዞ «አልፋለች» ብሎ ፈረመ።

ወደ ማሽኖቿ ተመለሰች። ሥዕሉም በማግስቱ ከነስሙ፣ ከነአሠልጣኙ ስም፣ ተመልሶ ተለጠፈ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም።