ሞኩቤ የማይሰማው ኮድ

የቡያ ከተማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ሰዉን ሁሉ ቤቱ ይከታል፤ የሞሊኮ ሰፈር ፕሮግራመሮችም ወራቱን የሚገፉት በስልክ ግሩፓቸው ነው። በየዓርቡ አንዱ የጻፈውን ቁራጭ ኮድ ይለጥፋል፣ ሌላው ስህተቱን እየለቀመ ይቦጫጭቀዋል። የቦጫጫቂዎቹ አለቃ ሞኩቤ ነበር። ሞኩቤ ዓይነ ስውር ነው፤ ኮዱን ስልኩ ያነብለታል፣ እሱም መልሱን በድምፅ ይልካል። "ሦስተኛው መስመር ላይ ሞተሃል፤ ቀብርህ መቼ ነው?" ይል ነበር። ሰው ይፈራዋል፤ አንድ ዓርብ ከቀረ ግን ይናፍቀዋል።

ከግሩፑ አባላት አንዱን፣ ኢኮሜን፣ ኮድ ያስተማረውም እሱ ነው። ኢኮሜ ከዚያ በፊት ለዳቦ ቤትና ለፀጉር ቤት ታፔላ ይስል ነበር፤ ዓይኑ የሚያምር ነገር ይወዳል። ስልክ ላይ የተለጠፈ ኮድ መስመሩ ተሰባብሮ ሲያየው ያንገበግበዋል። ስለዚህ ኮድን ወደ ሥዕል የሚቀይር ላይብረሪ ሠራ፤ የፈለገ ፕሮግራመር ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ የሚከተው። ጽሑፉን ትሰጠዋለህ፤ ቃላቱን በቀለም ለይቶ፣ ጠቆር ያለ መደብ አንጥፎለት፣ ጠርዙን አለስልሶ ምስል አድርጎ ይመልስልሃል።

ግሩፑ በደስታ አበደ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ኮድ መለጠፍ ሳይታጠቡ ሠርግ እንደመሄድ ተቆጠረ።

ሞኩቤ ደወለ። "ወንድሜ፣ ስልኬ 'ምስል' ይልና ዝም ይላል። ምኑን ልሳደብ?"

"ትንሽ እረፍ በቃ፣ እኛም እንተንፍስ!" ኢኮሜ ሳቀ።

"ስማ፣ ቀልዴን አይደለም። ጽሑፉም ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ ይምጣልኝ። ይከብድሃል?"

"ምን ይከብዳል? በሚቀጥለው እትም አስገባዋለሁ።"

የምሩን ነበር። ዳሩ ግን የሚቀጥለው እትም ይዞ የመጣው ጥላ ነው፤ ሥዕሉን ከገጹ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ የሚያስመስል ጥላ። አንድ የሌጎስ ሰው አድናቆቱን ጻፈለት። ቀጥሎ ደግሞ የጀምበር መጥለቂያ ቀለሞች መጡ። የሞኩቤ ነገር ሁልጊዜ ለነገ ይቀመጥ ነበር፤ የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም የማይቀየም ወዳጅ ነዋ!

ሞኩቤ ሁለተኛ አልጠየቀም። የዓርብ ድምፁም ጠፋ፣ ቆይቶ ራሱም ከሰፈሩ ጠፋ። "ቀንቶብህ ነው እንዴ?" አሉት የግሩፑ ሰዎች ኢኮሜን። ማፈር ሲገባው ደስ አለው። "ይሆናል" አለ። ይህችን ቃል ዛሬ ሲያስታውሳት ምላሱን ነቅሎ መጣል ያምረዋል።

ከዓመታት በኋላ አንድ የደርባን ድርጅት ላይብረሪውን ሊወስድ ፈልጎ፣ ማየት ለማይችሉ ሠራተኞቻችን አይሆንም ብሎ መለሰበት። ኢኮሜ ያኔ ተቀምጦ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አያያዘው። ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ጨረሰ። ይህችን ለምታህል ሥራ ነው ወዳጁን ዲዳ ያደረገው! ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

በማግስቱ ሞኩቤ ያለበትን አጠያይቆ፣ ታክሲ ይዞ ወደ ሊምቤ ከተማ ወረደ። ሞኩቤ እህቱ ኤፖሲ በባሕሩ ዳርቻ ዓሣ በምትጠብስበት ቦታ ተቀምጦ በስልክ ትእዛዝ ይቀበላል።

"ድምፅህ ወፍሯል" አለው ገና ሰላም ሲለው። "ኤፖሲ፣ ለዚህ ሠዓሊ ዓሣ ስጪው!"

ኢኮሜ መንገድ ላይ ያሰናዳው ይቅርታ ሁሉ ጠፋበት። ስልኩን አውጥቶ አዲሱን ሥዕል ከፈተና ወደ ሞኩቤ ጆሮ አስጠጋው። ስልኩ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ኢኮሜ ሆን ብሎ ስህተት ሸጉጦበታል፤ ሞኩቤ ድሮ ሰምቶ ሳይጨርስ የሚይዘውን ዓይነት። ስድቡን ጠበቀ።

"ጥሩ ነው" አለ ሞኩቤ።

"ስህተት የለውም?"

"እኔ እንጃ ወንድሜ። ቋንቋው ተለውጧል መሰለኝ፣ ብዙው አዲስ ሆነብኝ። የእናንተን ኮድ እየሰማሁ ነበር እኮ እኔም የምማረው።"

የሞኩቤ ስልክ ጠራ። አነሳና ወደ እሳቱ ዞሮ "ሁለት ዓሣ፣ ሚጥሚጣው ይብዛ!" ብሎ ተጣራ። ያው የዓርቡ ድምፅ ነው፣ አልተለወጠም። ኢኮሜ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ሊነግረው አፉን ከፈተና ተወው።