እትዬ ፔዳልና የክበቡ ፒያኖ

«እትዬ ፔዳል» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የስፌት ክፍል ሴቶች ናቸው። ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ሲረግጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስሙ የመጣው ግን ከስፌት መኪናው አይደለም፤ ከሠራተኞች ክበብ ፒያኖ ነው።

ፒያኖው እንደ ሌላው ፒያኖ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ወናፍ አለው። ከታች ሁለት ሰፋፊ ፔዳሎች አሉት። እነሱ ሲረገጡ ወናፉ አየር ይስባል። ከላይ ደግሞ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ቀዳዳ ባለው የናስ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ በገጠመ ቁጥር አንዱ ቁልፍ ማንም ሳይነካው ዝቅ ብሎ ይጮሃል። ቁልፎቹ ጣት ሳያርፍባቸው ሲወርዱና ሲወጡ ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል።

እትዬ ፔዳል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ የክበቡ አዳራሽ የቢሮ ሰዎች መዝናኛ ነበር። የስፌት ክፍል ሴት እዚያ የምትገባው መጥረጊያ ይዛ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ጠርቶ ሳለ ፒያኖውን የሚረግጠው ሰውዬ ቀረ። አንዱ የቢሮ ኃላፊ ተቀምጦ ሞከረው፤ ዘፈኑ አንዴ እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ አንዴ እንደ በሽተኛ ይጎተታል። ሌላው ተተካ፤ የባሰ ሆነ። ወለሉን ሲወለውሉ የነበሩት እትዬ ፔዳል አላስችል አላቸው።

«እግራችሁ እኩል አይረግጥም። እኔ ልሞክረው?»

ሳቅ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም ለቀልድ ያህል ፈቀደ። ግን ያ እግር በቀን ስምንት ሰዓት ሲረግጥ የሚውል እግር ነው፤ እጅጌ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት ያወጣ እግር ዜማ ማስኬድ አይቸግረውም። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

ሲጨርሱ አንዱ እንግዳ፣ «ይሄ እኮ መጫወት አይባልም፤ የሚጫወተው ማሽኑ ነው» አለ።

«የለበሱትን ሸሚዝስ የሰፋው ማሽኑ ነው?» አሉት። «እንግዲያው እኛ በጠዋት የምንነሳው ለምንድን ነው?»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው እንዲረግጡ ተጠየቁ። እሳቸውም «ብቻዬን አልገባም» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት የስፌት ክፍል ሴቶች መጥረጊያ ሳይዙ በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ወሩ ሳይሞላ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜያቸውን አልተዉም። ፒያኖው ግን እንደ አስም በሽተኛ ማፏጨት ጀመረ። እግር እስኪዝል ካልተረገጠ አይዘፍንም፤ ከዘፈነም ግማሹን ድምፅ ይውጠዋል። በዚያ ላይ በክበቡ ልጆች የምታስተምረው የሙዚቃ መምህርት አቤት አለች፤ ቁልፎቹ ከብደው የልጆቹ ጣት እየተሰቃየ ነው። ፒያኖ አስተካካይ ተጠራ። የፊቱን መክደኛ ከፍቶ አንገቱን አስገባና አየ።

«ቁልፉን ያከበደው ይሄ ሁሉ ጓዝ ነው» አለ። «ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው። ይውጣና ደንበኛ ፒያኖ ይሁን።»

የክበቡ ኮሚቴም ይውጣ ብሎ ወሰነ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ የእትዬ ፔዳል ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አጥበው፣ አልብሰው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ውሳኔውን ሊነግራቸው ቤታቸው መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ይወጣል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ይጠገን ያለ አንድ ሰው ጠፋ?»

«ማን ይጠግነዋል? አስተካካዩ ራሱ አይሆንም እያለ!»

«እሱ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል? ወናፍ ማለት ጨርቅና ቆዳ ነው።»

«ለልጆቹም ማሰብ አለብን እኮ። ያለፈ ዘመን ተሸክመን እስከ መቼ እንዘልቃለን?»

«ተሸክመን? አንተን አዝዬ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ሸክም ለእኔ አትንገረኝ።»

አልሳቀም። «ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ እትዬ» ብሎ ተነሳ።

ሐሙስ ጠዋት አስተካካዩ ካቻቢቴውንና መፍቻውን ይዞ ሲደርስ የፒያኖው ሆድ ባዶ ነው። ብሎኖቹ በትልቅና በትንሽ ተለይተው ሰሃን ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ፔዳል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ወንድማቸውና መምህርቷም ተከትለው ገቡ።

«ወናፉ የታለ?» አለ ወንድማቸው።

«ይውጣ አላላችሁም? አወጣሁላችሁ።»

«የት ሄደ?»

«እኔ ቤት። ውሳኔያችሁ ይውጣ ይላል እንጂ የት ይግባ አይልም።»

ማክሰኞና ረቡዕ ከሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እያንዳንዱን ቱቦ ቁጥር በተጻፈበት ብጣሽ ጨርቅ አስረው፣ በልብስ ቅርጫት እያመላለሱ ወስደውት ነበር።

«የክበቡ ንብረት እኮ ነው!»

«ልትጥሉት የነበረ ንብረት።»

ይህን ሲነጋገሩ መምህርቷ ተቀምጣ ቁልፎቹን ነካካች። ፊቷ ተቋጠረ። «ያው ነው» አለች። «ምንም አልቀለለም።»

አስተካካዩ አላመነም። ራሱ ሞከረ፤ ያው ነው። አንዱን ቁልፍ መዝዞ ሲያየው፣ ቁልፉ የሚቀመጥበት የሱፍ ጨርቅ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። ዞር ብሎ ከፒያኖው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ዳበሰ። ግድግዳው ረጥቧል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ እትዬ ፔዳል።

ሰውየው ቀላ፤ ግን አልካደም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና ቀኑን ሙሉ ሰማንያ ስምንቱንም ቁልፎች እያወጣ ሲያደርቅና ሲያላላ ዋለ። ፒያኖውንም ከግድግዳው አራቁት። መምህርቷ ደስ አላት። ወንድማቸው ግን በሰው ፊት መሳቂያ የሆነ መሰለው።

«ቁልፉ ቀለለም አልቀለለም፣ ያ ጓዝ ተመልሶ አይገባም» ብሎ ሄደ። እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆኑ። በየሳምንቱ እሑድ የሚመጣው ሰው ሦስት እሑድ ሳይመጣ ቀረ። እትዬ ፔዳል በር ሲንኳኳ ቀና ይላሉ፤ እሱ አለመሆኑን ሲያዩ ወደ ሥራቸው ያቀረቅራሉ። ከፋቸው፤ ሥራውን ግን አላቆሙም።

የወናፉ ጨርቅ ሲነካ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይፈረፈራል። ስፌቱን ተርትረው፣ ልኩን ወረቀት ላይ ነድፈው፣ አዲስ ቆረጡ። ለጨርቁ የሚሆን አየር የማያሳልፍ ነገር ሲፈልጉ ቆይተው ፋብሪካው ለጥበቃዎች የሚሰፋው የዝናብ ካፖርት ትዝ አላቸው፤ መጋዘን ጠባቂዋ ቁርጥራጩን ሰጠቻቸው። እያንዳንዱን ብጣሽ ከንፈራቸው ላይ ገጥመው ይስቡታል፤ አየር ካሳለፈ ይወረወራል። ሰማንያ ስምንቱ ቁልፍ እያንዳንዱ ሳንቲም የምታክል አንዳንድ ስስ ቆዳ ይፈልጋል። ቆዳውንና ሙጫውን ያስተማራቸው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ነው። መጀመሪያ ቆዳውን ወጥረው ለጠፉት፤ አየር ሲገፋው አልነሳ አለ። ሰማንያ ስምንቱንም ገንጥለው፣ ላላ አድርገው እንደገና ጀመሩ። «ላብሽን አታባክኚ» ያለቻቸውን ሌላ ጎረቤት፣ «ላቡ የእኔ ነው» አሏት።

በሁለተኛው ሳምንት አስተካካዩ በሩን አንኳኳ። ሊያይ ብቻ መጥቶ ነበር፤ ጃኬቱን አውልቆ አዲሱን የጎማ ቱቦ መቁረጥ ጀመረ።

ሥራው ሲያልቅ እትዬ ፔዳል አስተካካዩን አስከትለው፣ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሳለ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

«ልለምን አልመጣሁም። ወናፉ ተጠግኗል። የልጆቹን ቁልፍ እንደማያከብድ እኚህ ሰውዬ ይመስክሩ። ካልሠራ በገዛ እጄ አወጣዋለሁ። ከሠራ ግን፣ ይውጣ የሚል ሰው ምክንያቱን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።»

አስተካካዩ መሰከረ። ዓይናቸውን ያየ ግን የለም። «ይግባ» ብላ እጇን ቀድማ ያወጣችው የኮሚቴው አባል የሆነችው መምህርቷ ናት፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ሊቀመንበሩ የደገፈውንም የተቃወመውንም ቆጥሮ፣ የራሱን ድምፅ «ተአቅቦ» ብሎ አስመዘገበ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ወናፉ አላፏጨም፤ ዜማው ጥርት ብሎ ወጣ። ልጆቹ ጣታቸውን ከሚወርዱት ቁልፎች ጋር እያስኬዱ ተንጫጩ። ወንድማቸው አልነበረም። በሚቀጥለውም ቀረ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጥቶ ከኋላ ቆመ፤ ሰው ሲበተን ጠበቀና ቀረብ አለ።

«ሁለት ድምፅ ይጎድላል፣ እትዬ። ከወፍራሞቹ።»

«አውቃለሁ። ማክሰኞ እከፍተዋለሁ። የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።»

«መቼ ጠይቀው ያውቃሉ?» አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳቁ አመለጠው። ቀጥሎም፣ «መክደኛው ከባድ ነው። መጥቼ እይዝልዎታለሁ» አለ።

እትዬ ፔዳል የወረቀቱን ጥቅል እያወጡ ሳያዩት፣ «ና» አሉት። «መክደኛውን ብቻ ነው ታዲያ። ውስጡን እንዳትነካ።»