ቫኔ ውስጥ የነበሩ ቻይንኛዎች

ዶራቪል በምትባለው ከተማ ውስጥ አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት አንድ ማዕከል አለ። ጠዋት ከየቤታቸው እየለቀምኩ በቫን አመጣቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ አደርሳቸዋለሁ። ከዚህ በፊት ዳውንታውን የፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ። እዚያ ከሰው ጋር የማወራው በጠባብ መስኮት ስለነበር ይህን ሥራ ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት።

እኔ መስመር ላይ ያሉት ተሳፋሪዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር ቻይናውያን ናቸው። ስማቸውን ስጠራ እየተበላሸብኝ ስለሚስቁ በልቤ የራሴን ስም አውጥቼላቸው ነበር። ሳይጎን ተወልደው ያደጉትን ዝምተኛ ሴት እማማ ሳይጎን እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ የሠሩትን የሆንግ ኮንግ ሰው ደግሞ ጋሽ ሼፍ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ አባባ ናቸው፣ በቃ።

አባባን ያለ ሚስታቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጠዋት ክንዳቸውን ይዘው ደረጃውን የሚያወርዷቸው ሚስታቸው ናቸው። ቫኑ ውስጥ ከኋላ ከሚቀመጡት ሴቶች ጋር በማንዳሪን፣ በዋናው ቻይንኛ፣ ሲጫወቱ ይመጣሉ፤ ማዕከሉ ደርሰን ነርሷ ስለ አባባ ስትጠይቅም የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። አባባ ፈገግ ከማለት በቀር ከማንም ጋር አያወሩም። ጆሯቸው የደከመ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ቢዩፎርድ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ዳር ካለው አፓርትመንታቸው አባባ ብቻቸውን ወጡ። ብርድ ነበር፤ ጃኬት አልለበሱም፣ እግራቸው ላይ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው በራቸው እያሳዩ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። ሚስቴ ተኝታለች፣ ዛሬ አትመጣም ማለታቸው መሰለኝ። ሰው አንዳንድ ቀን ይቀራል፣ አዲስ ነገር አይደለም። እሺ ስላቸው ገብተው ተቀመጡና ወደ ማዕከሉ አቅጣጫ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሂጂ ማለታቸው ነው። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸውና ተነሣሁ።

የምትቀረኝ አንዲት ሴት ስለነበረች ግን ወደ ማዕከሉ አልታጠፍኩም፤ ወደ ትልቁ ሃይዌይ ገባሁ። ገና ከመግባታችን መንገዱ ተዘጋ። ከፊታችን መኪኖች ተጋጭተው ነበር። ያን ጊዜ አባባ መስኮቱን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ።

መጀመሪያ ቀስ ብለው ነው፣ እያደር በኃይል። አንዲት ቃል እየደጋገሙ ይጮኻሉ። ከኋላ ያሉት ሴቶች በማንዳሪን ሊያረጋጓቸው ሞከሩ፣ አልሰሟቸውም። አንዷ ቦርሳዋን በርብራ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው፤ አባባ ገፉት። መጻፍ እንደማይችሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀበቷቸውን ፈትተው ተነሡና የቫኑን በር እጀታ ይዘው ይታገሉ ጀመር። በሩ እኔ ካልከፈትኩት አይከፈትም። እንደምንም ወደ መንገዱ ዳር ወጥቼ ፓርክ አደረግኩና ወደ ማዕከሉ ደወልኩ።

ስልክ የምታነሣው እዚሁ ያደገች የኛው አገር ልጅ ናት። አንቱታ አይሆንላትም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የምትለው፤ ለሥራዋ ግን ነፍሷን ትሰጣለች።

«ላይክ፣ ኮንፊውዝ አድርጎት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «ቆይ፣ አስተርጓሚ ላገናኝሽ።»

አስተርጓሚዋ በማንዳሪን ሰላምታ ሰጠቻቸው። አባባ ስልኬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያንኑ ቃል ጮኹበት። እንደገና ጠየቀቻቸው፣ እንደገና ጮኹ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሳ፣ እኚህ ሰው የሚናገሩት ማንዳሪን አይደለም፣ የሆንግ ኮንጉ ካንቶኒዝም አይመስለኝም፣ የየት አካባቢ ሰው ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ከቻይና ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረኝም።

ነገሩ በራሴ ደርሶ ያውቃል። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ልጄን ይዤ ሄጄ፣ ኢትዮጵያዊት ነሽ አይደል ብለው ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር እናት አልጋ አጠገብ አቆሙኝ። ሴትየዋ የአገሯን ሰው ያገኘች መስሏት ያላትን ሁሉ ነገረችኝ። እጇን ከመያዝ ሌላ ምንም አልቻልኩም።

እማማ ሳይጎን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ልማዳቸው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር። አሁን ቀና አሉ። አባባን ትኩር ብለው አዳመጧቸውና አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸው ብዙ ጊዜ ሳይወጣ የቆየ ዓይነት ሻካራ ነበር። የአባባ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዞረው አዩዋቸው፣ ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ያዙና ሳይተነፍሱ ያወሩ ጀመር።

እማማ ሳይጎን እንግሊዝኛ አይችሉም። ወደ ጋሽ ሼፍ ዞረው በካንቶኒዝ ነገሯቸው፤ ሳይጎን ሰፈራቸው ውስጥ ገበያው ሁሉ በካንቶኒዝ ነበርና ያን ያውቃሉ። የጋሽ ሼፍ ፊት ተለወጠ።

«ሚስቱ ወድቃለች» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «መታጠቢያ ቤት። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ውሃ እየፈሰሰ ነው።»

ለካ ያ ጆሮ ላይ ያረፈው መዳፍ እንቅልፍ አልነበረም፤ ስልክ ደውዪልኝ ነበር። ስልክ መደወል የሚችሉት ሚስታቸው ብቻ ናቸው። አባባ በሩን ለመስበር ሞክረው ሲያቅታቸው፣ ማዕከሉ ነርስ አለው፣ የምትመጣው መኪና ታደርሰኛለች ብለው ነበር የወረዱት። እኔ በተቃራኒው አቅጣጫ ወስጄ ሃይዌይ ላይ አቆምኳቸው።

ልጅቷ በሌላ ስልክ ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪው ናይን ዋን ዋን ደውላ የሚጠይቋትን ለኔ ታስተላልፍልኝ ጀመር። እኔ ለጋሽ ሼፍ፣ ጋሽ ሼፍ ለእማማ ሳይጎን፣ እማማ ሳይጎን ለአባባ። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አጠገባችን የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ቫኑን ያወዛውዙታል። ሴትየዋ ትናገራለች ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄው ሄደ።

«አሁን አትናገርም» አሉ ጋሽ ሼፍ።

«ሞተዋል?» አልኩ፤ በእንግሊዝኛ ያለሁ መስሎኝ በአማርኛ ነበር። ደገምኩት።

ጋሽ ሼፍ ጮክ ብለው ለእማማ ሳይጎን ማስተላለፍ አቃታቸው። ቃሉን አባባ ፊት ማንሣት ፈርተው ነው መሰለኝ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው። እማማ ሳይጎንም አልደገሙትም፤ ሌላ ነገር ጠየቁ፣ ረዘም ያለ ነገር። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስወጣ ታቃስት ነበር፣ ስጠራት ግን አልመለሰችልኝም ነው ያሉት። ይህንኑ ወደ ስልኩ መለስኩት።

ትራፊኩ ትንሽ ፈታ ሲል በመጀመሪያው መውጫ ወጥቼ ዞርኩ። በመንገዱ ሁሉ አባባ አንዲት አጭር ነገር ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ነበር፤ እማማ ሳይጎን እንደ መዝሙር ተቀባይ እየተከተሉ ይመልሱላቸዋል። ምን እንደሚሉ አልጠየቅኩም።

ስንደርስ የእሳት አደጋ መኪናውና አምቡላንሱ ቀድመውናል። ውሃው ከበሩ ሥር ወጥቶ በደረጃው እየወረደ ነው። አባባ ወደ ላይ ሲሮጡ አንዱ እሳት አጥፊ አገዳቸው። ሰውየው የሴትየዋ ባል መሆናቸውን እየጮኽኩ ነገርኩት፤ ሌሎቹ በሩን ለመክፈት እየሠሩ ስለሆነ ማንንም አላሳልፍም አለ፣ በትህትና ነው ያለው። እማማ ሳይጎን አባባን በክርናቸው ይዘው እታችኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። በሩ ሲሰበር ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

የአባባን ሚስት በቃሬዛ አወረዷቸው። ፀጉራቸው ርሷል፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር። አባባን ሲያዩ የሆነ ነገር አሉ። ምን አሉ ብዬ ጋሽ ሼፍን ስጠይቅ እሳቸው እማማ ሳይጎንን ጠየቁ። እማማ ሳይጎን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ሼፍም «የሁለቱ ነው ትላለች» አሉኝ።

አባባንና እማማ ሳይጎንን ሆስፒታል፣ ቀሪዎቹን ማዕከሉ አድርሼ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስመለስ የአባባ ሚስት የዳሌያቸውን ስብራት ኦፕራሲዮን አድርገውላቸው ነቅተዋል። በማደንዘዣው ይሁን በትኩሳቱ ማንዳሪናቸው ጠፍቷል። ሆስፒታሉ ያቀረበው አስተርጓሚ የሚላቸውን እየሰሙ የሚመልሱት በትውልድ ቋንቋቸው ብቻ ነበር። ቲዮቹ ይባላል፤ አባባ ቫኑ ውስጥ የጮኹበትም እሱ ነው። ጋሽ ሼፍ በስልክ ሲያስረዱኝ፣ ሁላችንም ቻይንኛ እንለዋለን፣ ግን እኔ ስሰማው ቃል አልለይም አሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትግርኛ ሲሰማ እንደሚሆነው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሐኪሙ ሕመሙ የት ጋ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ በማዕከሉ ባለው ስልክ ጋሽ ሼፍ፣ በአልጋው አጠገብ እማማ ሳይጎን ሆነው አደረሱለት።

እማማ ሳይጎን ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ከአባባ ጋር ቫኔ ውስጥ ሁለት ክረምት አብረው ተመላልሰዋል። ሚስትየው ማንዳሪን ሲናገሩ እየሰሙ፣ እነዚህ የዋናው ቻይና ሰዎች ናቸው፣ እኔን ከቬትናም መጣች ብለው ይንቁኛል ብለው አስበው ነበር። አባባ ደግሞ እማማ ሳይጎን ከልጃቸው ጋር በስልክ በቬትናምኛ ሲያወሩ ሰምተው ቬትናማዊት ናት ብለው ደምድመዋል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በቲዮቹ ከሰው ጋር አውርተው እንደማያውቁ እማማ ሳይጎን በጋሽ ሼፍ በኩል ነገሩን።

አመሻሽ ላይ ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ዳውንታውን ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ከክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቱ ታማሚዋ ላይ አጎንብሰው እያወሩ ነበር፤ ሲያወሩ እጃቸው ይወራጫል፣ መሀል ላይ ይስቃሉ። እንደዚያ ሲያወሩ እኔም አይቻቸው አላውቅም።

«ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አለኝ በዝግታ።

ነገርኩት። ስሙን ሰምቶ ያውቃል፣ የአያቶቹ እንደሆነም ያውቃል፤ ከእናቱ አፍ ሲወጣ ግን ሰምቶ አያውቅም።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ከኔ ጋር በቬትናምኛ ነው የምታወራው» አለ። «ይሄን ቋንቋ እንዳልረሳችው ማን ነገረኝ?»

እማማ ሳይጎን አዩት፤ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ በእጃቸው ግባ፣ ተቀመጥ አሉት። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያዳምጥ ጀመር።

የአባባ ሚስት ክረምቱ ሲወጣ በመደገፊያ ተመለሱ፤ የአፓርትመንቱ አስተዳደርም ምድር ቤት አዛወራቸው። አሁን ከእማማ ሳይጎን ጋር ሦስቱ ተያይዘው መሀል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አባባ ጆሯቸው ደህና ነው፤ ወሬያቸው አያልቅም። ከኋላ ያሉት ሴቶች እስኪሰለቻቸው ድረስ።